ከባቄላ ሥር እስከ በቅሎ፦ ስለ ሕዋስ ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን ስለ ሕዋስ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን መልሰናል። የብዙዎቹ ጭንቅ አንድ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፍ የተሣለው ሕዋስና በማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው አልገናኝ ብሏቸዋል። ጥፋቱ የጠያቂዎቹ አይደለም። የመጽሐፉ ሥዕል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየውን፣ ቀለም ካልነካው የማይወጣውንና በተለያዩ ሕዋሳት ተበታትኖ የሚገኘውን አንድ ቦታ አጭቆ የያዘ ነው። እንዲህ ያለ ሕዋስ በስላይድ ላይ አግኝቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ቤተ ሙከራችን ሁለት ማይክሮስኮፕ አለው፤ የሕዋስ ማቅለሚያ ግን የለንም። የሽንኩርት ልጣጭ ሳሳይ አንዳንዱ ተማሪ ጥቁር ቀለበት ያለውን ክብ ነገር «ኒውክለስ» ብሎ ይሥላል፤ ሌላው «ክሎሮፕላስቱስ የታለ?» ይለኛል። እንዴት ባደርግ ይሻላል?
(መምህር፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ መምህር፣ ያ ጥቁር ቀለበት የአየር አረፋ ነው። አረፋ ዳር ዳሩ ወፍራምና ድቅድቅ ጥቁር፣ መሀሉ ባዶና የሚያበራ ነው፤ የሕዋሱን ግድግዳ ከቁብ ሳይቆጥር በሁለት በሦስት ሕዋስ ላይ ይንሰራፋል። ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበት የሕዋሱ ክፍል) ግን በየሕዋሱ አንድ ብቻ ነው፤ ትንሽ፣ ጠርዙ ቀጭን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግድግዳው የተጠጋ። ወደ ዳር የተገፋው መሀሉን ቫኩዮል የሚባለው ፈሳሽ የሞላው ከረጢት ስለያዘው ነው።

ማቅለሚያው ፋርማሲ አለ። ለቁስል የሚሸጠው 2 በመቶ የአዮዲን ቲንክቸር ይበቃዎታል። አንድ እጅ አዮዲን በአራት እጅ ውኃ ያቅጥኑት፤ ሳይቀጥን ከገባ ሁሉን ነገር እኩል ቡናማ ያደርገውና ኒውክለሱ በዙሪያው ካለው ሳይቶፕላዝም (ሕዋሱን ከሞላው ዝልግልግ ነገር) አይለይም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽንኩርቱን አራት ቦታ ይክፈሉት። ደረቁን የውጭ ልጣጭ ይተዉት፤ ሕዋሱ የሞተ ነው። ከሥጋማው ቅጠል በጎድጓዳው በኩል ያለውን ብርሃን አሳላፊ ስስ ሽፋን በወረንጦ ይዘው ይግፈፉ፤ የአምስት ሚሊሜትር ቁራጭ ይበቃል። መጀመሪያ ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ያድርጉና ልጣጩን በላዩ ይዘርጉ። በደረቅ መስታወት ላይ ከተቀመጠ ይጠቀለላል፤ ከታጠፈ ደግሞ ተማሪው ሁለት ድርብ ሕዋስ አንድ ላይ ያያል። ከቨር ስሊፑን (ስሱን መሸፈኛ መስታወት) በአንድ ጎኑ አስነክተው ቀስ ብለው አጋድመው ያውርዱት። አረፋ የሚገባው ከላይ ቀጥ ብሎ ሲጣል ነው። ከዚያ በአንዱ ጠርዝ የአዮዲን ጠብታ፣ በሌላው ጠርዝ ሶፍት ያስጠጉ፤ ሶፍቱ ውኃውን ሲመጥ አዮዲኑ ወደ ውስጥ ይሳባል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ።

ብዙ ጊዜ ትምህርቱን የሚያበላሸው ግን ቀለም አይደለም፣ የብርሃን ብዛት ነው። ዲያፍራሙ (ከስላይዱ ሥር ያለው የብርሃን መጥበቢያ) ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ቀለም የሌለው ሕዋስ በብርሃኑ ይዋጣል። ጠበብ አድርጉት። መስታወት ባለው ማይክሮስኮፕ ስትሠሩ ደግሞ መስታወቱን ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት፤ ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይን ያጠፋል።

ክሎሮፕላስቱን (ተክልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክፍል) በተመለከተ፣ የሽንኩርት ራስ መሬት ውስጥ የሚያድር የምግብ ጎተራ ስለሆነ የለውም። ለክሎሮፕላስት ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሞስ ይጠቀሙ፤ ቅጠሉ ባብዛኛው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ስላለው መቁረጥም መግፈፍም አያስፈልግም፣ በውኃ ጠብታ ላይ ማኖር በቂ ነው። ስታርች ማሳየት ሲፈልጉ ድንች በምላጭ ፋቅ አድርገው ያንኑ አዮዲን ያንጠባጥቡ፤ እንክብሎቹ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናሉ። የሽንኩርቱ ሕዋስ በዚያው አዮዲን ቢጫ ብቻ የሚሆነው ስታርች ስለማያከማች ነው፤ ይህን ንጽጽር ተማሪ በቀላሉ አይረሳውም።

መጠን ማስለካትም ይቻላል። ብርሃን አሳላፊ ማስመሪያ በ4 እጥፉ ሌንስ ሥር አድርገው የሚታየውን ክብ ስፋት ይለኩ። 4.5 ሚሊሜትር ከሆነ በ10 እጥፉ ሌንስ 1.8 ሚሊሜትር፣ በ40 እጥፉ 0.45 ሚሊሜትር ይሆናል። በ10 እጥፉ ስድስት ሕዋስ በርዝመት ከተደረደረ አንዱ 0.3 ሚሊሜትር ማለትም 300 ማይክሮሜትር ነው።

ጥያቄ፦ በ400 እጥፍ አጉልቼ ሚቶኮንድሪያ አላየሁም። ጓደኛዬ «ተክል ክሎሮፕላስት ስላለው ሚቶኮንድሪያ አያስፈልገውም» ትለኛለች። እውነት ነው?
(ተማሪ፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ጓደኛሽ ተሳስታለች። ክሎሮፕላስት በብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩን አቃጥሎ ሕዋሱ የሚሠራበትን ኃይል በብዛት የሚያወጣው ሚቶኮንድሪያ ነው። ተክልም ሁለቱንም ይፈልጋል። ሌሊቱን አስቢ፤ ይልቁንም ሥሩን፣ ዕድሜ ልኩን ጨለማ ውስጥ የሚኖረውን።

ያላየሽው አነስተኛ በመሆኑ ብቻ አይደለም። የብርሃን ማይክሮስኮፕ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማሳየት የሚችለው እስከ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የሚቶኮንድሪያ ስፋት ደግሞ ከ0.5 እስከ 1 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከወሰኑ በላይ ነው፤ ግን ቀለም የለውም፣ ከሳይቶፕላዝሙም አይለይም። ጃነስ ግሪን የሚባል ማቅለሚያ በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ሰማያዊ አረንጓዴ አድርጎ ያወጣዋል። ሪቦዞም (የሕዋሱ ፕሮቲን ሠሪ) ግን ወደ 25 ናኖሜትር፣ ማለትም 0.025 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ በምንም ቀለም ቢሆን በእናንተ ማይክሮስኮፕ እንደ ነጠላ ነገር አይታይም። በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስፋትም የሚያሰፋው ብዥታውን ነው።

በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ልታገኚ የምትችዪው የሕዋስ ግድግዳ፣ ኒውክለስና በውስጡ ያለው ኒውክሊዮለስ፣ ክሎሮፕላስት፣ የስታርች እንክብል፣ በቀይ ሽንኩርት ላይ ደግሞ ቀለም የሞላው ቫኩዮል ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ከሥላይዱ አየሁ ብለሽ አትሣዪ፤ ያየሽውን ብቻ ሥዪ።

ጥያቄ፦ የማይቶሲስን (የተራውን የሕዋስ ክፍፍል) ደረጃዎች ለማሳየት የሽንኩርት ሥር ጫፍ ደጋግመን አዘጋጀን፤ የሚታየው ግን ክብ ክብ ኒውክለስ ብቻ ነው፤ ክሮሞዞም (የተጠቀለለ ዲኤንኤ) የለም። አሴቶካርሚን (የክሮሞዞም ማቅለሚያ)፣ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለን። ባቄላ ይሻላል ሲሉ ሰምተናል።
(የቤተ ሙከራ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ባቄላ ይሻላል፤ ያውም በደጃችሁ ያለ እህል ነው። የሽንኩርት ሕዋስ 16 ክሮሞዞም ሲኖረው የባቄላ 12 ብቻ ነው፤ ትልልቅ ስለሆኑም በ400 እጥፍ ይቆጠራሉ። ከስድስቱ ጥንድ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ይረዝማል፤ እሱን ካገኛችሁ ዝግጅቱ ተሳክቷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን የከሸፈበትን ምክንያት እንይ። ሦስት ጥርጣሬ አለን፤ ትልቁ ብርዱ ነው። በሥር ጫፍ ውስጥ የሚከፋፈል ሕዋስ ከአንዱ ክፍፍል እስከ ቀጣዩ ያለውን ዙር የሚጨርሰው በ20 ዲግሪ አካባቢ ወደ 20 ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ነው። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መስኮት አጠገብ በተቀመጠ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ሥር ክፉኛ ያዘገየዋል፤ ሥሩ ነጭና ጤነኛ ይመስላል፣ ክፍፍል ላይ ያለ ሕዋስ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለተኛው የተሳሳተ ቦታ መቁረጥ ነው። የሚከፋፈለው ክፍል ከጫፉ ሁለት ሚሊሜትር ውስጥ ነው ያለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሕዋስ መከፋፈሉን ትቶ የሚረዝም ነው። ሦስተኛው ጫፉ ተቆርጦ ሳይገደል መቆየቱ ነው፤ ወደ መግደያው (ሕዋሱን ባለበት ደረጃ ገድሎ ወደሚያቆየው ፈሳሽ) ወዲያው መግባት አለበት።

አሁን ወደ ሥራው። ዘሩ የዘንድሮ፣ ያልተነቀዘ፣ መድኃኒት ያልተቀባ ይሁን። ለ24 ሰዓት በውኃ ዘፍዝፉት፤ መሀል ላይ ውኃውን አንድ ጊዜ ለውጡ፣ አለዚያ ይሸታል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ወይም በእርጥብ የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ፣ በጨለማ፣ በ20 እና በ22 ዲግሪ መካከል አቆዩት። ማዕድ ቤት ከምድጃው ራቅ ያለ መደርደሪያ ጥሩ ነው። ጨርቁ ውኃ ካቆረ ሥሩ አየር አጥቶ ጫፉ ይጠቁራል። ከአራት እስከ ስድስት ቀን ዋናው ሥር ሦስት አራት ሴንቲሜትር ይደርሳል። ከአንድ ዘር ብዙ ጫፍ ከፈለጋችሁ የዋናውን ሥር ጫፍ ቁረጡና ዘሩን መልሱት፤ ከጎን የሚወጡት ሥሮች አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ሲሆኑ ሁሉንም መጠቀም ይቻላል።

መግደያው ሦስት እጅ ኢታኖልና አንድ እጅ ያልቀጠነ አሴቲክ አሲድ ነው፤ በዕለቱ ይዘጋጃል፣ ለነገ አይደርም። ኢታኖሉ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን። አረቄ ስለማይተካው አትድከሙ፤ ውኃው ይበዛበታል። አቼቶም አሴቲክ አሲዱን አይተካም፣ አምስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ነገር እወቁ፤ ያልቀጠነ አሴቲክ አሲድ ከ16.6 ዲግሪ በታች ይረጋል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ እንደ በረዶ ጠጥሮ ብታገኙት ተበላሸ ብላችሁ አትድፉት። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቁሙት፣ ይቀልጣል። እሳት ላይ ግን አይቀርብም፣ ይቀጣጠላል።

ጫፎቹ በመግደያው ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆዩ። ለሌላ ቀን የሚቀመጡ ከሆነ ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሕዋሳቱን የሚያያይዘውን ነገር የሚያላላው የአሲድ ደረጃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። አንድ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለማዘጋጀት ከ37 በመቶው አሲድ 8.3 ሚሊሊትር ወስዳችሁ 90 ሚሊሊትር ውኃ ውስጥ ጨምሩና እስከ 100 ሙሉት። አሲዱ ወደ ውኃ ይጨመራል፤ ውኃ ወደ አሲድ በፍጹም። ጓንትና መነጽር ይደረግ። ጫፎቹን በዚህ አሲድ በሙከራ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ በ60 ዲግሪ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ አቆዩ። ሙቀቱን የሚጠብቅ መሣሪያ ከሌላችሁ አፈ ሰፊ ፔርሙስ ይበቃል። ከተማችሁ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። 15 ዲግሪ ካለው የቧንቧ ውኃ ጋር ሦስት እጅ ፍል በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ቢቀላቀል 60 ይጠጋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ውኃው በ96 ገደማ ይፈላል፣ የቧንቧውም ሞቅ ያለ ስለሆነ እኩል በእኩል ይሆናል። ሁለቱም ቦታ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ቴርሞሜትሩ ነው። ጊዜው ካነሰ ጫፉ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ሕዋሳቱ ተደራርበው ይቀራሉ። ከበዛ ደግሞ ጫፉ በወረንጦ ሲነካ ይበተናል፣ ቀለምም አይዝም።

በውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት። አሁን የሚከፋፈለው ክፍል ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ እሱን ብቻ፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር፣ በምላጭ ቁረጡ። በአሴቶካርሚን ጠብታ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩት፤ ጠብታው እንዳይደርቅ እየጨመራችሁ። በብረት መርፌ ብትቦጫጭሩት ቀለሙ ይጠነክራል፣ ትንሿ ብረት ለካርሚኑ ትረዳዋለችና። ከዚያ ወደ 45 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብታ አዛውራችሁ ከቨር ስሊፕ ጣሉበት። በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ጫፉ እንደ ደመና ሲበተን በሶፍት ሸፍናችሁ በአውራ ጣት ቀጥታ ወደ ታች ተጫኑ። ከቨር ስሊፑ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይጠቀለላሉና ያን ስላይድ ጣሉት።

ሁሉ ተሳክቶም ከአሥር ሕዋስ ዘጠኝ ያህሉ ክብ ኒውክለስ ሆኖ ይታያል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሕዋሱ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በዚያ ሁኔታ ነው፣ ዲኤንኤውን የሚያባዛውም ያኔ ነው። እንደ ተፈተለ ክር ዝርግ የነበረው ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ልቃቂት ሲሆን ነው ክሮሞዞም የሚታየው።

ከዚህ ቁጥር ሰዓት ማውጣት ይቻላል። ለምሳሌ ከ500 ሕዋስ 455ቱ ያልተከፋፈሉ፣ 25 ፕሮፌዝ፣ 8 ሜታፌዝ፣ 4 አናፌዝ፣ 8 ቴሎፌዝ (አራቱ የክፍፍል ደረጃዎች በቅደም ተከተል) ቢሆኑ በክፍፍል ላይ ያሉት 45 ናቸው፤ 9 በመቶ። ዙሩ 20 ሰዓት ከሆነ ፕሮፌዝ አንድ ሰዓት፣ ሜታፌዝ 19 ደቂቃ፣ አናፌዝ ከ10 ደቂቃ በታች ይወስዳል። አናፌዝ የጠፋባችሁ ለዚህ ነው፤ ቶሎ ያልፋል፣ ብዙ ስላይድ መፈለግ ግድ ነው።

ሜታፌዝ ለማብዛት ከፈለጋችሁ ደህና አድገው በሙቀት የቆዩትን ሥሮች ከመግደላችሁ በፊት በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩ። ለዜሮ ዲግሪ የቀረበ ቅዝቃዜ ክሮሞዞሞችን የሚጎትቱትን ክሮች ያፈርሳቸዋል፤ ክፍፍል የጀመረው ሕዋስ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ክሮሞዞሙም አጥሮ ለቆጠራ ይመቻል። አናፌዝ ለማየት ግን ይህን አትሞክሩ፤ ጎታች ክር በሌለበት አናፌዝ የለም።

ጥያቄ፦ ክሮሞዞምና ክሮማቲድ በየደረጃው ስንት እንደሆኑ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ይምታታብኛል። የሚያዝ ደንብ አለ?
(የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አለ፤ ሴንትሮሜር ቁጠር፤ ክሮማቲድ የሚባሉትን የአንድ ክሮሞዞም ሁለት ቅጂዎች የሚያያይዘው ቦታ ነው። የሴንትሮሜሩ ቁጥር የክሮሞዞሙ ቁጥር ነው፤ አንዱ ሴንትሮሜር ስንት ክሮማቲድ እንደያዘ አትይ።

በባቄላው ላይ ሞክረው። ዲኤንኤው ሳይባዛ 12 ክሮሞዞም፣ 12 ዲኤንኤ። ከተባዛ በኋላ 12 ክሮሞዞም፣ 24 ክሮማቲድ፤ ዲኤንኤው እጥፍ ሆነ እንጂ ሴንትሮሜሩ አልተለያየም። ሜታፌዝም እንዲሁ ነው። አናፌዝ ላይ ሴንትሮሜሮቹ ሲለያዩ በዚያው ባልተቆረጠ ሕዋስ ውስጥ 24 ክሮሞዞም ይኖራል፤ ተማሪ አብዝቶ የሚወድቅበት ይህ ነው። ሕዋሱ ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዱ 12።

በሚዮሲስ (እንቁላልና ዘር በሚሠራው ክፍፍል) የመጀመሪያው ክፍፍል ጥንዶቹን እንጂ ክሮማቲዶቹን አይለይም። ስለዚህ ከሱ የሚወጣው ሕዋስ 6 ክሮሞዞም ከ12 ክሮማቲድ ጋር ይዟል፤ ቁጥሩ የተገመሰው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ክፍፍል ክሮማቲዶቹን ይለያል፤ መጨረሻ የሚወጡት አራት ሕዋሳት 6 ክሮሞዞም፣ 6 ዲኤንኤ አላቸው። በሰው ለመሥራት 24ቱን በ92፣ 12ቱን በ46፣ 6ቱን በ23 ተካ፤ ሌላው አይለወጥም።

ቁጥሩ መብዛቱ የፍጡሩን ትልቅነት አያሳይም። ገብስ 14፣ ጤፍ 40፣ የዳቦ ስንዴ 42፣ በግ 54፣ ዶሮ 78 ናቸው።

ጥያቄ፦ በቅሎ ጠንካራ እንስሳ ሆና ሳለ ለምን አትወልድም? ከበቅሎ የተወለደ ውርንጭላ ታየ ሲባልም እሰማለሁ።
(አርሶ አደር፣ ከመንዝ ሞላሌ)

መልስ፦ አባታችን፣ ነገሩ የቁጥር ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። ባዝራዋ በእንቁላሏ 32፣ አህያው በዘሩ 31 ይሰጣሉ፤ በቅሎዋ 63 ሆና ትወለዳለች። ሰውነቷ በደንብ ያድጋል፤ ምክንያቱም ተራው የሕዋስ ክፍፍል እያንዳንዱን ክሮሞዞም ለብቻው ገልብጦ ያካፍላል፣ ጥንድ አይፈልግም። 63ም ይሁን 64 ግድ የለውም።

እንቁላልና ዘር የሚሠራው ሚዮሲስ ግን የእናቱን ክሮሞዞም ከአባቱ አቻ ጋር ጎን ለጎን ካላቆመ አይቀጥልም። በበቅሎ አንዱ ጥንድ ያጣል፤ የቀሩትም የፈረሱና የአህያው አሠራር ስለተለያየ በትክክል አይገጥሙም። ሥራው መሀል ላይ ይቆማል፤ የሚሠራ ዘር ወይም እንቁላል አይወጣም። ጥንካሬዋና መካንነቷ አይጋጩም፤ የተለያዩ የክፍፍል ዓይነቶች ውጤት ናቸው።

የሰሙት ወሬም ሐሰት አይደለም። ሴት በቅሎ የወለደችባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች በምርመራ ተረጋግጠዋል፤ እጅግ ብርቅ ናቸው። ወንድ በቅሎ ግን አያስረግዝም፤ የሚኮላሸው ለጠባዩ ነው እንጂ ዘር እንዳይሰጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ ውርጭ የመታው ባቄላ ጎህ ሲቀድ አረንጓዴ ሆኖ እናየዋለን፤ ፀሐይ ስትወጣበት ይጠወልግና እኩለ ቀን ላይ ይጠቁራል። የገደለው ውርጩ ነው ፀሐይዋ?
(ከአንጎለላ)

መልስ፦ ውርጩ ነው። ጎህ ሲቀድ የሚታየው አረንጓዴ የሞተ ቅጠል ነው፤ በረዶው ቀጥ አድርጎ ስለያዘው ጤነኛ ይመስላል።

በረዶ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሕዋሱ ውስጥ ሳይሆን በሕዋሳቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ እዚያ ያለው ውኃ ስኳርና ጨው አይበዛበትምና ቶሎ ይረጋል። የረጋው በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያድጋል። ሕዋሱ እየደረቀ ይጨማደዳል፣ ዙሪያውን የያዘው ስስ ሜምብሬን ይጎዳል። ቅዝቃዜው በጣም ፈጥኖ ከመጣ ደግሞ በረዶው ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ያኔ ማትረፊያ የለም። ፀሐይ ስትወጣ በረዶው ይቀልጣል፤ የተቀደደው ሜምብሬን ውኃውን መያዝ ስለማይችል ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ይለሰልሳል። በቫኩዮሉ ውስጥ ተለይተው ይኖሩ የነበሩ ንጥረ ነገሮች ከሳይቶፕላዝሙ ኢንዛይሞችና ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኙ ጥቁረቱ ይመጣል። ፀሐይዋ ማቅለጡንና ማድረቁን ታፋጥናለች፤ ሞቱ ግን ሌሊት አልቋል።

ይህን በቀይ ሥር መፈተሽ ይቻላል። አንድ አንድ ሴንቲሜትር ሦስት ቁራጭ ቆርጣችሁ ውኃው እስኪጠራ እጠቧቸው፤ የምትታጠበው ቀይ የተቆረጡት ሕዋሳት ቀለም ናት። አንዱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ፣ አንዱን 70 ዲግሪ ውኃ ውስጥ፣ ሦስተኛውን አቀዝቅዛችሁ ካረጋችሁ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አድርጉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያው ውኃ እንደ ጠራ ይቆያል፤ ሁለቱ ይቀላሉ። ቀለሙ ያለው ቫኩዮል ውስጥ ስለሆነ መውጣቱ ሜምብሬኑ መፍረሱን ያሳያል።

ለእርሻው የሚጠቅመው ነገር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ለስላሳው አበባና እንቡጥ ዘለላም ከቅጠሉ ቀድሞ ይጎዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አበባ እንዳይዝ ዘሩን ማስቀደም ወይም ረባዳውን ለገብስ መተው ከዚህ የመጣ ነው። ገብስም ቢሆን የሚችለው ቅዝቃዜውን ቀስ በቀስ ሲለምደው ነው፤ በብርዱ ቀናት በሕዋሱ ውስጥ ስኳር ያከማቻል፣ የሜምብሬኑንም ስብ ይለውጣል። አበባ ላይ ከደረሰ እሱም አይተርፍም።

አጫጭር መልሶች

የዶሮ እንቁላል አንድ ሕዋስ ነው? (ከአታዬ) አስኳሉ ብቻ፣ ያውም ካልተዳቀለ። ነጩ፣ ስሱ ሽፋንና ቅርፊቱ ከማኅፀን መንገድ ላይ የተደረቡ ናቸው። አስኳሉ ላይ የምትታየው የሁለት ሦስት ሚሊሜትር ነጭ ነጥብ ኒውክለሱ ያለበት ናት። የተዳቀለ እንቁላል ከሆነ ግን ዶሮዋ ስትጥለው ቀድሞ ተከፋፍሏል፤ በዚያች ነጥብ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ።

ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ የለውም ይባላል፤ የዶሮው ግን አለው አየን። (የተማሪዎች ቡድን፣ ከአንኮበር) ሁለቱም ልክ ነው። የሰው፣ የበግና የሌሎች አጥቢዎች ቀይ ሕዋስ ሲበስል ኒውክለሱን ያወጣል፤ የአእዋፍና የእንቁራሪት አያወጣም። ከታረደ ዶሮ አንድ ጠብታ መውሰድ ጥሩ ነው። ከተማሪ ጣት ደም አትቅዱ፤ መርፌ በጋራ መጠቀም በሽታ ያስተላልፋል። የሰው ሕዋስ ካስፈለጋችሁ ጉንጫችሁን በውስጥ በኩል በንጹሕ ስቴኪኒ ደረቅ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ፋቅ አድርጉ፤ ስላይድ ላይ ቀብታችሁ አድርቁ፤ ከፋርማሲ የሚገኘውን 1 በመቶ ጄንሽን ቫዮሌት አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥናችሁ ለአንድ ደቂቃ አድርጉበት፤ በቀስታ እጠቡ። ኒውክለሱ መሀል ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ስቴኪኒ ይጠቀም፤ ሲጨርስም ስላይዱንና ስቴኪኒውን በረኪና ባለበት ውኃ ውስጥ ይጨምር። ቀለሙ ከልብስ አይለቅም፣ አሮጌ ሸሚዝ ልበሱ።